«ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ»፦ ሦስቱ ሳጥኖች ያላስተማሩን ነገር



በዚህ ዓምድ የሚነበበውንና የሚያስተምረውን ነገር እንመዝናለን። ጥሩውን ጥሩ፣ የጎደለውን ጎደለ እንላለን። ለዚህ ዕትም የመረጥነው ግን ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም። ሁላችንም የተማርነውን፣ ከፊሎቻችንም አሁን የምናስተምረውን አንድ የሳይንስ ምዕራፍ ነው። «የቁስ አካል ሁኔታዎች» የሚለውን።

ትችታችን በአንድ መጽሐፍ ወይም በአንድ መምህር ላይ አይደለም። ምዕራፉ ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ሲተላለፍ በያዘው ቅርጽ ላይ ነው። «ሳይንስ ደግሞ ምን ትችት አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አለው እንጂ! የሳይንሱ ሕግ አይተችም ይሆናል፤ የሚነገርበት መንገድ ግን ይተቻል። ከአንድ እውነት ውስጥ የትኛው ክፍል ተነግሮ የትኛው እንደተተወ መጠየቅ ይቻላል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ምዕራፍ የተተወው ክፍል፣ ከፋሽጋ እስከ ገዳሪፍ ባለው በዚህ ምድር ላይ ለሚኖር ተማሪ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ክፍል ነው።

ምዕራፉ ምን ይላል?

መልኩ የትም አገር አንድ ነው። ሦስት ሳጥኖች ይሣላሉ። በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ትናንሽ ክቦች ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ጠጣር። በሁለተኛው ውስጥ ክቦቹ ትንሽ ተበታትነዋል፤ ፈሳሽ። በሦስተኛው ውስጥ አራት አምስት ክቦች ብቻ ይበራሉ፤ ጋዝ። በሳጥኖቹ መካከል ቀስቶች አሉ። ከላይ «ሙቀት ሲጨመር»፣ ከታች «ሙቀት ሲቀነስ» ይላል። ከዚያ ምሳሌው ይመጣል፦ በረዶ፣ ውሃ፣ እንፋሎት። በመጨረሻም ሁለት ቁጥሮች፦ 0 ዲግሪና 100 ዲግሪ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ በፈተና ላይ ይመልሳል። አለቀ።

ጥሩ ጎኑን አንካድ። በጠመኔ በአንድ ደቂቃ የሚሣል፣ መጽሐፍ ለስምንት ተማሪ አንድ በሚደርስበት ክፍል ሁሉ የሚያገለግል ሥዕል ነው። ዓይን የማያየውን ቅንጣት ልጅ እንዲያስበው ያደርጋል። ነገሮች ሁሉ ከሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች የተሠሩ መሆናቸውን፣ ሙቀት ይህን እንቅስቃሴ የሚያበረታ መሆኑን ያሳያል። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም።

ሆኖም ሥዕሉ ራሱ ሁለት ስሕተት ይዟል። አንደኛ፣ የፈሳሹ ቅንጣቶች በጣም ተራርቀው ይሣላሉ። በእውነቱ የፈሳሽ ቅንጣቶች እንደ ጠጣሩ የተቀራረቡ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ውሃማ ጭራሽ ከበረዶው የበለጠ የታጨቀ ነው፤ በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጋዙ እንደ ፈሳሹ በአንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ተሥሎ እኩል ቦታ የሚይዝ ይመስላል። አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ፈልቶ ሙሉ በሙሉ ቢተን ግን ወደ 1,700 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ክዳኑ የተጣበቀ ድስት የሚፈነዳው ለምን እንደሆነ ከሦስቱ ሳጥን ላይ ማን ይረዳዋል?

እነዚህ ግን በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው።

ቴርሞሜትሩ የሚቆምበት ቦታ

እስቲ አንድ ድስት ውሃ እሳት ላይ እንጣድ። ውሃው ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። አሁን እሳቱን እናብርታ፤ ሌላ ሦስት ጉማጅ እንጨት እንጨምር። ውሃው ምን ይሆናል? ተማሪ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «የበለጠ ይሞቃል» የሚል ነው። ቀስቱ «ሙቀት ሲጨመር» ስለሚል ልጁ አልተሳሳተም፤ የተማረውን ነው የመለሰው።

እውነቱ ግን ውሃው ከፈላ በኋላ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቴርሞሜትር ብናስገባ በአንድ ቁጥር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳቱ ቢበረታ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ቁጥሩ ፈቅ አይልም። በረዶም ሲቀልጥ እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትጠፋ ድረስ፣ እያማሰልን ብንለካው፣ በረዶውም አብሮት ያለው ውሃም 0 ዲግሪ ላይ ይቆያሉ።

ታዲያ የገባው ሙቀት የት ሄደ? ቅንጣቶቹን አንዱን ከሌላው በማላቀቅ ላይ ዋለ። መጠነ ሙቀት የሚለካው የቅንጣቶቹን ሩጫ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከተያያዙበት ሲላቀቁ ግን ሙቀቱ ለሩጫ ሳይሆን ለማላቀቂያ ይከፈላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ አያየውም። ስውር ሙቀት የምንለው ይህ ነው።

ይህን የደረሰበት ጆሴፍ ብላክ የተባለ በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ። ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። በአንድ ብርጭቆ ዕቃ ሊቀዘቅዝ ጥቂት የቀረው ውሃ፣ በሌላው እኩል ክብደት ያለው በረዶ አድርጎ በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ውሃው በግማሽ ሰዓት የደረሰበት መጠነ ሙቀት ላይ በረዶው ቀልጦ ለመድረስ ከ10 ሰዓት በላይ ፈጀበት። ክፍሉ አንድ ነው፣ ዕቃውም አንድ ዓይነት ነው። እንግዲያው በረዶው ያን ሁሉ ሰዓት ሙቀት እየጠጣ ነገር ግን ሳይሞቅ ቆየ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ብላክ ይህን ያገኘው ውድ በሆነ መሣሪያ አይደለም። በትዕግሥትና በሰዓት ነው።

ቁጥሩን እንይ። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ይኸው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። የፈላን አንድ ኪሎ ውሃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ደግሞ 2,260 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ውሃን ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው! ሦስቱ ሳጥኖች ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግሩንም። በሳጥኖቹ መካከል አንዲት አጭር ቀስት አለች፤ ትልቁ ሥራ የሚሠራው እዚያች ቀስት ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

«እሺ፣ ይሁን፤ ለከፍተኛ ክፍል ይቆይ» የሚሉ መምህራን አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሦስት ምክንያት እንስጥ።

አንደኛው ማገዶ ነው። በመጠለያ ጣቢያ ማገዶ ለመልቀም የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አደጋም አለበት፣ ከአካባቢው ሰው ጋርም ያጋጫል። ወጥ ወይም ፉል ከፈላ በኋላ እሳቱን ማንደድ ድስቱን አንድ ዲግሪ አይጨምርለትም። የሚበስለው በመጠነ ሙቀቱ ነው፤ በመንፈቅፈቁ ድምፅ አይደለም። ክዳኑን ገጥሞ እሳቱን ቀንሶ ቀስ ብሎ የሚፈላ ፉል፣ ክዳን ተከፍቶ በትልቅ እሳት ከሚንጣጣው ፉል ጋር በተቀራራቢ ጊዜ ይበስላል።

እንደገና በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ ተነሥቶ በዚህ አካባቢ እስኪፈላ ወደ 305 ኪሎጁል ይፈጃል። ከፈላ በኋላ ዝም ብለን ትተነው አንድ አምስተኛው ቢተን ብቻ ሌላ 450 ኪሎጁል ገደማ አቃጠልን ማለት ነው። ውሃውን ለማፍላት ካወጣነው ማገዶ አንድ ተኩል እጥፍ በአየር ላይ ጠፋ! የመጠጥ ውሃን ለማከም ስናፈላም ያው ነው። ውሃው በደንብ ከተንፈቀፈቀ በዚህ ከፍታ አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይመከራል። ግማሽ ሰዓት ማንደድ ጀርም አይጨምርም አይቀንስም፤ እንጨት ነው የሚጨርሰው።

ሁለተኛው የክትባት ሳጥን ነው። የጤና ሠራተኞች ክትባት በሳጥን ይዘው ሲዞሩ ሁላችንም እናያለን። በውስጡ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። እዚህ አገር አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ይህ እንዴት ይቻላል? የሚችለው የበረዶው ጥቅል ስለሚቀልጥ ነው። እየቀለጠ እስካለ ድረስ ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ይጠጣል፣ ራሱ ግን 0 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ስውሩ ሙቀት ባይኖር ኖሮ በረዶው ከሳጥኑ ጋር አብሮ በአንድ አፍታ ይሞቅ ነበር።

ከዚህም የሚረቅቅ ነገር አለ። ከማቀዝቀዣ ወዲያው የወጣ የበረዶ ጥቅል ከ0 በታች እስከ 20 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ እንደ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉትን ክትባቶች ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ጥቅሉን ውጭ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ሲያወዛውዘው በውስጡ ውሃ ሲንቀሳቀስ እስኪሰማ ድረስ። የዚያ ድምፅ ትርጉም ምንድን ነው? «መቅለጥ ጀምሯል፤ ስለዚህ 0 ዲግሪ ደርሷል» ማለት ነው። አንድ ሰው ያለ ቴርሞሜትር በጆሮው መጠነ ሙቀት ለካ! ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ ከየት ይመጣል? ምዕራፋችን ግን ዝም ይላል።

ሦስተኛው የሚጠጣ ውሃ ነው። ይህን ለብቻው እናየዋለን።

ሳይፈላ የሚተን ውሃ

ፋሽጋ በአትባራ፣ በሰቲትና በባስላም ወንዞች መካከል ያለ ለም መሬት ነው። ሰቲት የምንለው ያው የእኛው ተከዜ ነው፤ አትባራም ከጓንግና ከአንገረብ የሚመጣ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ወንዙ ስሙን ቀይሮ ይጠብቀዋል፤ ከወንዙ ስም ይልቅ ግን አየሩ ይከብደዋል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይህ ከሰውነታችን ከ37ቱ ዲግሪ በላይ ነው። አየሩ ከእኛ የበለጠ ከሞቀ ሰውነታችን ሙቀቱን ለአየሩ መስጠት አይችልም፤ እንዲያውም ይቀበላል። የቀረልን አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ላብ። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለወጣ አይደለም፣ ስለተነነ ነው። ሲተን ስውሩን ሙቀት ከቆዳችን ይዞ ይሄዳል።

በምዕራፉ ውስጥ ግን ትነት ከ100 ዲግሪ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀርበው። «ውሃ በ100 ዲግሪ ወደ ጋዝነት ይለወጣል» ይላል ደብተሩ። ታዲያ ያጠብነው ልብስ በገመድ ላይ የሚደርቀው 100 ዲግሪ ደርሶ ነው? ተማሪው ይህን ቢጠይቅ ትክክል ነው። መፍላትና መትነን ሁለት ነገር ናቸው። መፍላት በአንድ በተወሰነ መጠነ ሙቀት፣ በፈሳሹ ውስጥ ሁሉ የሚከሰት ነው። መትነን ግን በማንኛውም መጠነ ሙቀት፣ ከፈሳሹ ገጽ ላይ ብቻ፣ ፈጣን የሆኑት ቅንጣቶች አምልጠው ሲወጡ ነው። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት ዘገምተኞች ናቸው፤ ስለዚህ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል።

የዚህ ትምህርት መሣሪያ በየደጁ ተቀምጧል። ዚር! በሱዳን በየመንገዱ ዳር፣ በየመስጊዱ ጥግ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር የምናየው የሸክላ ጋን። ከውጭ ላቡ ይታያል፤ ሰው «ያዣል» ይላል። ማዣቱ ጉድለቱ ሳይሆን ሥራው ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወጥቶ በውጭው ገጽ ላይ ይተናል፤ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በ20 ሊትር ዚር ውስጥ ካለው ውሃ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢተን፣ ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር ኖሮ፣ የቀረው ውሃ በ14 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝ ነበር። ከውጭ ሙቀት ስለሚገባ ያን ያህል አይደርስም፤ ግን በጀሪካን ከተቀመጠው ውሃ ጋር ያለውን ልዩነት ምላስ ይመሰክራል።

እናቶቻችን ይህን በሌላ በኩል ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ወይም አዲስ ድስት ይሟሻል፤ ቅባት የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ከዚያ አያዣም። ዚር ግን አይሟሽም። ቢሟሽ ውሃው አይበርድም። በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጥበብ! ይህን በምዕራፉ ውስጥ ማየት ነበረብን።

ዓለምም ይህን ንቆ አልተወውም። መሐመድ ባህ አባ የተባለ የናይጄሪያ መምህር ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ያለ ኤሌክትሪክ አትክልት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ሥራው የሮሌክስ ሽልማት ተሰጠው። በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው ደበርጃን በዚህ ዕቃ 27 ቀን እንደቆየ ተነግሮለታል። በዳርፉርም ይኸው ዘዴ ተሞክሮ ሴቶች ለገበያ አትክልታቸው ተጠቅመውበታል። መምህር ነው ያደረገው፤ ልብ እንበል።

ዚሩ ገደቡንም ያስተምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናብ ሲሆን፣ ዚሩ እንደ በጋው አያበርድም። ለምን? አየሩ ራሱ በተን የተሞላ ስለሆነ ትነቱ ይዘገያል። በዚያን ጊዜ ላባችንም እንዲሁ ነው፤ ይፈሳል እንጂ አይተንም። ስለዚህ በክረምት፣ ቴርሞሜትሩ ከሚያዝያው ያነሰ ቁጥር እያሳየ፣ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅ በሙቀት ሊወድቅ ይችላል። የስፖርት መምህራን ይህን ቢያውቁት አንድ ነፍስ ያድን ይሆናል።

0 እና 100 የሚባሉት ቁጥሮች

100 ዲግሪ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በውሃው ላይ ያለው ጫናም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይወርዳል። ገዳሪፍ 600 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 98 ገደማ ናት። እንግዲህ የደጋ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» እያለ ሲጽፍ፣ በእናቱ ጓዳ አንድም ቀን 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ አልነበረም! ባቄላ ደባርቅ ላይ ለምን እንደሚቆይና እዚህ ለምን ፈጥኖ እንደሚበስል ከዚህ ይገባናል።

የቅቤም ነገር እንዲሁ ነው። በብዙ ደብተር ላይ «የጠጣር ምሳሌ፦ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ቅቤ» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ነው። ጎንደር ላይ በማንኪያ ይቆረጣል፤ እዚህ በሚያዝያ ቀትር በጠርሙስ ይቀዳል። ታዲያ ቅቤ ጠጣር ነው ፈሳሽ? ትክክለኛው መልስ «የት? መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁኔታ የዕቃው ስም አይደለም፤ ዕቃው በዚያ መጠነ ሙቀት ያለበት አኳኋን ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ተማሪ ከዝርዝሩ ሁሉ የበለጠ ተምሯል።

ቃላቶቻችንም ይፈተሹ

በአማርኛ ስናስተምር ቋንቋችን አንዳንዴ ይረዳናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወጥመድ ይዘረጋል። አራት ቃላት እንይ።

«ረጋ»። ቅቤ ይረጋል፤ ወተትም ይረጋል። ቅቤው ቢሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል። እርጎን ብናሞቀው ግን ወተት አይሆንም። የመጀመሪያው የሁኔታ ለውጥ ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ ያሉት ነገሮች የተለወጡበት ነው። በትግርኛም «ርግኦ» ከዚያው ሥር ስለሆነ የትግርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቻችንም በዚሁ ይሰናከላሉ። መምህሩ ልዩነቱን አንድ ጊዜ ቢያነሳ ይበቃል።

«ቀለጠ»። «ስኳሩ በሻዩ ውስጥ ቀለጠ» እንላለን። አልቀለጠም፤ ሟሟ። መቅለጥ የሚፈልገው ሙቀትን ብቻ ነው፤ መሟሟት ግን ሌላ ፈሳሽ ይፈልጋል። እዚህ አካባቢ የሚሰበሰበው የግራር ሙጫ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ እሳት ላይ ቢጣል ግን ቀልጦ አይፈስም፣ ይከስላል እንጂ።

«እንፋሎት»። ከጀበናው አፍ ላይ የምናየው ነጭ ነገር ጋዝ አይደለም፤ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ናቸው። እውነተኛው ተን አይታይም። በደንብ የሚፈላ ጀበና አፉ አጠገብ ባዶ የሚመስል ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ ተኑ እዚያ ነው። (እጅ አይጠጋ! ተን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃ እየተመለሰ ያን ሁሉ ስውር ሙቀት በአንዴ ያራግፋል። ስለዚህ ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል።) አረቄ ሲወጣ ያየም ሰው መቀበያው የተነከረበት ውሃ ቶሎ ቶሎ እየሞቀ እንደሚቀየር ያውቃል። የሚያሞቀው ይኸው የሚመለሰው ስውር ሙቀት ነው።

«ሙቀት»። ይህ ዋናው ወጥመድ ነው። ከቅንጣት ወደ ቅንጣት የሚተላለፈውንም፣ ቴርሞሜትር የሚያሳየውንም በአንድ ቃል «ሙቀት» ካልን፣ «ሙቀት ገባ፣ ሙቀቱ ግን አልጨመረም» የሚል ዓረፍተ ነገር እብደት ይመስላል። «ሙቀት ገባ፣ መጠነ ሙቀቱ ግን አልጨመረም» ስንል ግን ግልጽ ነው። ሁለቱን ቃላት ከመጀመሪያው ቀን መለየት ግድ ነው። ጆሴፍ ብላክም መጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ መለየት ነበር።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ ቀላል ነው። ስለዚህ ያለ ቤተ ሙከራ የሚሆን ነገር እንጠቁም።

1. የወረቀት ድስት። ወፍራም ወረቀት አጥፈን ኩባያ እንሥራ፣ ውሃ እንጨምርበት፣ ከሥሩ ሻማ እንያዝ። ውሃው ይፈላል፤ ውሃ የነካው ወረቀት ግን አይቃጠልም። ምክንያቱም ውሃው ከመፍያ ነጥቡ አያልፍም፣ ወረቀት ደግሞ ለመቀጣጠል ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። «ቴርሞሜትሩ ቆመ» የሚለውን ያለ ቴርሞሜትር የሚያሳይ ሙከራ ነው። መጠለያዎቻችን ሣርና ፕላስቲክ ስለሆኑ ውጭ ሜዳ ላይ፣ ንፋስ በሌለበት፣ ባልዲ ውሃ አጠገብ አድርጎ፣ መምህሩ ራሱ ይሥራው።

2. ሁለት ድስት ፉል። እኩል ፉል፣ እኩል ውሃ፣ ሁለቱም እስኪፈሉ እኩል እሳት። ከዚያ አንዱ በትልቅ እሳት ያለ ክዳን፣ ሌላው በትንሽ እሳት ከነክዳኑ። ተማሪዎች እንጨቱን ቆጥረው፣ ሰዓቱን ይዘው፣ ውጤቱን ይጻፉ። የቤት ሥራው ለእናት ይነበብ።

3. ሁለት ጠርሙስ። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ሌላውን ራቁቱን በጥላ እናስቀምጥ። በበጋ አንድ ጊዜ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ይደገም፤ ልዩነቱ ለምን እንደተለወጠ ይጠየቅ።

4. ማስጠንቀቂያ። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ውስጥ አይገባም። የተሠራው ለሰው ሰውነት እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የብርጭቆው ከሆነ ይሰበራል፣ ሜርኩሪውም መርዝ ነው።

በፈተናም ላይ «ሦስቱን የቁስ አካል ሁኔታዎች ጻፉ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብንጠይቅስ? «ውሃው ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመር ምን ይለወጣል? ምን አይለወጥም?» «ቅቤ በደባርቅ ጠጣር፣ በገዳሪፍ ፈሳሽ የሚሆነው ለምንድን ነው?» «የበረዶ ጥቅሉ ሲወዛወዝ ድምፅ ካሰማ መጠነ ሙቀቱ ስንት ነው? እንዴት ታውቃለህ? እንዴት ታውቂያለሽ?» እነዚህን ለመመለስ መሸምደድ አይበቃም።

ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ስፍራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንደገና ተከፈተ። ቱናይድባ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ተከተለ። በሁለቱም ዘመን ስደተኛው ይዞት ከመጣው ጥቂት ነገር አንዱ ትምህርቱ ነው። ይዘነው የመጣነው ምዕራፍ የተጻፈው በረዶ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ምድጃም በኤሌክትሪክ ላለው ተማሪ ይመስላል። እዚህ ያለው ተማሪ ያለው ዚር፣ ሦስት ጉልቻና የተቆጠረ እንጨት ነው። ለዚህኛው ተማሪ ሦስቱን ሳጥኖች አንፋቃቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለችውን ቀስት ረዘም አድርገን እንሣላት፣ ከሥሯም «እዚህ ጋ ቴርሞሜትሩ ይቆማል» ብለን እንጻፍ።

ሙከራዎቹን የሠራችሁ መምህራንና ተማሪዎች ያገኛችሁትን ላኩልን። ያልተሳካውንም ጭምር፣ ለምን እንዳልተሳካ ከምታስቡት ጋር። በተለይ የፉሉን እንጨት ቁጥር በጉጉት እንጠብቃለን።